የፈላ ሞተር ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት፤ በዚህች ገጽ ላይ ስለ መኪና ሞተር ስንጽፍ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ማለታችሁ አይቀርም። «ይህ ለጋራዥ የሚሆን ነገር ነው እንጂ ለመንፈሳዊ ጽሑፍ ምኑ ነው?» የሚልም ይኖራል። ነገር ግን ነገሩን ያነሣችሁት እናንተው ናችሁ። ከትምህርት በኋላ በዛፉ ጥላ ሥር በተደረገው ጭውውት ከመካከላችን አንዱ «ክርስቲያን ነገርን ቶሎ አይጥልም፤ እግዚአብሔርም እኛን አልጣለንም፤ ስለዚህ የፈላ ሞተር መጠገን አለበት» ሲል ሌላው ደግሞ «የተቃጠለ ነገር እየጠጋገኑ ሰው መጫን በነፍስ መጫወት ነው፤ መለወጥ አለበት» ብሎ መለሰለት። ሁለቱም በእምነት ስም ተናገሩ፤ ሁለቱም ግን የሞተሩን ሆድ አላዩም። እኛም የተወሰንን ተማሪዎች ተሰባስበን ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር ስለፈለግን ይህችን ጽሑፍ አዘጋጀን። ከመካከላችን የመካኒክስ ትምህርት የሚከታተል ስላለ ስለ ብረቱ የተጻፈውን በእርሱ አስመርምረናል፤ ስለ ሰዎቹ የተጻፈው ግን የሁላችንም ሐሳብ ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንወቅ። ሞተር ነዳጅ ሲያቃጥል ከሚያገኘው ጉልበት ወደ ሥራ የሚለወጠው በግምት ሲሶው ነው። የቀረው ሙቀት ከፊሉ በጭስ ማውጫ ይወጣል፤ ከፊሉን ደግሞ በሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ውኃ ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ይወስደውና ለነፋስ ይሰጠዋል። ይህ ውኃ ቢጎድል፣ ወይም የሚያዞረው ፓምፕ ቢደክም፣ ወይም ራዲያተሩ በዝገትና በደለል ቢደፈን ሙቀቱ መሄጃ ያጣል። ሞተሩም በራሱ እሳት ይበስላል።

እዚህ ላይ የባሕር ዳር ልጆች የሆንን ሁሉ ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በባሕር ጠረፍ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሲሆን በእኛ ግን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አየሩ ቀለል ስለሚል ውኃው ቶሎ ይፈላል። ይህን የሚያካክሰው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ውኃውን አምቆ ስለሚይዝ መፍያውን ሃያ ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ስለሆነም የክዳኑ ጎማ ደርቆ ወይም ምንጩ ላልቶ ከሆነ መኪናው የዚያን ያህል መጠባበቂያ ሳይዝ ነው የሚጓዘው። ይህች በእጅ መዳፍ የምትያዝ ክዳን ስንት ሞተር እንዳስፈላች ጋራዥ ያሉ ወንድሞቻችን ይመሰክራሉ። (ከተማችንን የሞሏት ባጃጆች አብዛኞቹ በአየር የሚቀዘቅዙ ስለሆኑ ይህ የውኃ ጣጣ አይነካቸውም፤ የራሳቸው ሌላ ጣጣ አላቸው፤ እርሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።)

ሞተሩ ሲግል ምን ይሆናል? በብዙ መኪናዎች የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ መካኒኮች ቴስታ የሚሉት፣ ከአሉሚኒየም ይሠራል፤ የታችኛው ግንድ ግን ብረት ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ የሚለጠጠው የብረቱን እጥፍ ያህል ነው። በብሎን ተጠፍሮ የታሰረው ቴስታ መለጠጥ ሲፈልግና ቦታ ሲያጣ ይጎብጣል፤ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮንም ይቃጠላል። ያን ጊዜ ውኃው ወደ ዘይቱ ይገባል፤ ዘይቱም ማኪያቶ ይመስላል። ወይም ውኃው ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ ከጭስ ማውጫው ነጭ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። ነዳጁ ሲቃጠል የሚፈጠረው ጋዝ በበኩሉ ወደ ውኃው መንገድ ይገባና ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ይታያል። ሹፌሩ በዚህ ጊዜ ወዲያውኑ ካቆመ ጉዳቱ ከዚህ ላያልፍ ይችላል። «እዚች ድረስ ልድረስ» ብሎ ከቀጠለ ግን ዘይቱ ይቀጥናል፣ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ይፍቃል፣ ብሮንዚኑ ይላጣል፤ በመጨረሻም ሞተሩ ይነክሳል። ደንግጦ በጋለው ሞተር ላይ በጀሪካን ቀዝቃዛ ውኃ የሚቸልስም አለ፤ እንዲህ ያለው ሰው የጎበጠውን ቴስታ ወደ ተሰነጠቀ ሊለውጠው ይችላል። ክዳኑን በሙቀቱ ከፍቶ ፊቱን የሚቃጠለውንማ ተዉት።

ስለዚህ «የፈላ ሞተር» የሚለው ስም አንድ ቢሆንም የተጎዱት ሞተሮች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። በአምስት ደቂቃ የቆመና በአምስት ኪሎ ሜትር የቆመ አንድ ስም ይሰጣቸዋል እንጂ አንድ አካል የላቸውም። በዛፉ ሥር የተከራከሩት ወንድሞቻችን የሳቱት ነገር ይህ ይመስለናል። ሁለቱም የየራሳቸውን ፍርድ ይዘው ወደ ሞተሩ ሄዱ እንጂ ሞተሩን ከፍተው ወደ ፍርድ አልመጡም።

ከተከፈተ በኋላ ዋናው ነገር መለካት ነው። መካኒኩ ቴስታውን አጽድቶ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ይጋድምበታል፤ ከሥሩም ውፍረታቸው የታወቀ ስስ የብረት ቅጠሎችን እየሰደደ ክፍተቱን ይለካል። የሚፈቀደው ጉብጠት እንደየፋብሪካው መመሪያ ቢለያይም በአብዛኛው ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ቢባል ብዙ አልተሳሳትንም። ከዚያ ጥቂት ካለፈ ቶርኖ ቤት ወስዶ ፊቱን ማስላግ ይቻላል። ነገር ግን በተላገ ቁጥር ቴስታው እየሳሳ ይሄዳል፤ ስለዚህ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ተልጎ ያበቃለታል፤ ጭራሽ መላግ የማይፈቀድበትም አለ። ከዚያም ስንጥቅ መኖር አለመኖሩ በግፊት ይፈተሻል፣ የሲሊንደሩ ግድግዳ ይታያል፣ ብሮንዚኑ ይፈታል። ይህ ሁሉ ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል። «በዓይኔ አይቼ እነግርሃለሁ» የሚል መካኒክ ቢገጥማችሁ አመስግናችሁ እለፉ።

ይህን ስንጽፍ አንድ ነገር ትዝ አለን። በሐይቃችን ዳርቻ ሁለት ዓይነት ጥበብ ከጥንት ጀምሮ አብረው ኖረዋል። አንደኛው የታንኳ ጥበብ ነው። የነገደ ወይጦ ወገኖቻችንና ሌሎችም የጣና ዳር ሰዎች ደንገል አስረው የሚሠሯት ታንኳ ጥቂት ወራት ካገለገለች በኋላ ውኃ ትጠጣና ትከብዳለች። ያን ጊዜ ማንም አይጠግናትም። ባለቤቷም አያለቅስላትም፤ ሌላ ደንገል አጭዶ ሌላ ታንኳ ያስራል። ሁለተኛው በደሴቶቹ ገዳማት ያለው የብራና ጥበብ ነው። ብራና ሲቀደድ ወይም ከፋቂው እጅ ቀዳዳ ይዞ ሲወጣ በጅማት ወይም በክር ይሰፋል፤ ጸሐፊውም ያችን ስፌት ዙሮ ይጽፋል። በገዳማቱ ያሉ ጥንታውያን መጻሕፍትን ያያችሁ እንዲህ ያለውን ስፌት ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። መጽሐፉ ስፌቱን እንደያዘ መቶ ዓመታትን ተሻግሯል።

ታንኳይቱን የሚጥሏት ርኅራኄ ስለጎደላቸው ነው? አይደለም። ብራናውን የሚሰፉትስ ቆጣቢ ስለሆኑ ብቻ ነው? አይመስለንም። የደንገሉ ጉዳት ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው፤ ውኃው ያልገባበት ዘንግ የለም፤ ስለዚህ የሚሰፋ ቦታ አይገኝለትም። የብራናው ጉዳት ግን አንድ ቦታ ነው፤ ዙሪያው ጤነኛ ስለሆነ መርፌውን ይሸከማል። ሞተርም ልክ እንዲሁ ነው። ጉዳቱ በቴስታውና በጓርኒሲዮኑ ላይ ብቻ ከሆነ ዙሪያው መርፌ ይሸከማል፤ ግንዱ ከተሰነጠቀ፣ ሲሊንደሩ ከተፋቀ፣ ብሮንዚኑም ካለቀ ግን ሞተሩ ውኃ የጠጣ ታንኳ ሆኗል። በብራና ልብ ታንኳን መጠገን ርኅራኄ ሊመስል ይችላል፤ ተሳፋሪው ግን መሐል ሐይቅ ላይ ይቀራል።

«ክርስቲያን አይጥልም» ያለውን ወንድማችንን እናክብርና በቅዱስ ወንጌል በሉቃስ ምዕራፍ 13 የተነገረውን የበለስ ምሳሌ እናንሣ። የወይኑ ባለቤት ሦስት ዓመት ፍሬ ያላገኘባትን በለስ ቁረጣት ሲል አትክልተኛው የአንድ ዓመት ጊዜ ለመነላት። ብዙ ጊዜ ይህን ታሪክ ስንሰማ ልባችን የሚያርፈው በልመናው ላይ ነው። እኛ ግን ደጋግመን ስናነበው ሁለት ነገር አስተዋልን። አትክልተኛው ዝም ብላ ትቆይ አላለም፤ ዙሪያዋን ሊቆፍር፣ ፍግም ሊያፈስባት ቃል ገባ። ጊዜውንም ራሱ ወሰነ። አንድ ዓመት፤ ከዚያ በኋላ ካላፈራች መቆረጧን ተቀበለ። እንግዲህ በእኛ አገር «ትንሽ ይቆይ፣ እግዜር ያውቃል» እያልን ዘይት እየጨመርን የምንነዳው ሞተር ከዚህች በለስ ጋር ምን ያገናኘዋል? መቆፈር የለ፣ ፍግ የለ፣ ቀጠሮ የለ።

መቆፈር ማለት በሞተሩ ነገር ምክንያቱን መፈለግ ነው። ይህን አጥብቀን የምንናገረው በጣም የሚዘነጋ ስለሆነ ነው። ሞተሩ የፈላው ራዲያተሩ ስለተደፈነ ከሆነ ቴስታውን አስልጎ ጓርኒሲዮን መለወጥ ዋጋ የለውም፤ ያው ራዲያተር እንደገና ያፈላዋል። ከሶማሌ ተራ ወይም ከሌላ ቦታ ሙሉ ሞተር ገዝቶ በዚያው አሮጌ ራዲያተር ላይ የሚያስገጥም ሰውስ? እርሱም አዲሱን ሞተር ለአሮጌው በሽታ ይሰጠዋል። ቴርሞስታት የምትባለውን የሙቀት በር «ምን ታደርጋለች» ብሎ ነቅሎ መጣልም እንደ ጥበብ ተቆጥሯል። በአንዳንድ ሞተሮች እርሷ ስትወጣ ውኃው ራዲያተሩን ትቶ በአቋራጭ ስለሚዞር ሙቀቱ ይብሳል። ስለዚህ መጠገንም መለወጥም ምክንያቱን ሳይነኩ ከሆነ አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው የገንዘቡ መጠን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ባለ መኪናው ሌሊት እንቅልፍ የሚያጣው በዚህ ነውና። ጌታችንም ግንብ ሊሠራ የሚወድ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቆጥር አስተምሮናል። እንበልና ሞተሩን መለወጥ 300 ሺህ ብር፣ ማስጠገን ደግሞ 100 ሺህ ብር ይፈጃል። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ወሰድናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ሦስት ባለ መኪናዎች ሁሉም ቢለውጡ በድምሩ 900 ሺህ ይከፍላሉ። ሦስቱም መጀመሪያ ቢያስጠግኑና የአንዱ ብቻ ቢሳካለት 300 ሺህ ለጥገና፣ የሁለቱ ደግሞ 600 ሺህ ለመለወጥ፤ ድምሩ ያው 900 ሺህ ነው። ማለትም የጥገናው ዋጋ የመለወጫው ሲሶ ከሆነ ከሦስት አንድ ጊዜ ብቻ ቢሳካ እንኳ ባለ መኪናዎቹ በጠቅላላው አይከስሩም። ከዚያ በላይ ከተሳካማ ትርፍ ነው።

በዘመናችንም ነገሩ ሁሉ ወደ ጥገና ይገፋል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫም አብሮ ተሰቀለ። ሞተር መለወጥ ደግሞ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የወረቀትም ጉዳይ ነው። የሞተሩ ቁጥር በሊብሬ ላይ ስለሚጻፍ አዲሱ ሞተር የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ሊኖረውና በመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሊመዘገብ ይገባል። ይህን ሁሉ ሲያስበው ባለ መኪናው «ይጠገን» ቢል ማን ይፈርድበታል?

ነገር ግን ወደ ስሌታችን ተመልሰን እንጠይቅ። ያልተሳካላቸው ሁለቱ ሞተሮች የት ሆነው ነው ያልተሳካላቸው? በወረቀት ላይ «አልተሳካም» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ደጀን ሲደርስ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ያንኑ ያህል ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። ከታች አየሩ ይጋገራል፣ ዳገቱ በዝቅተኛ ማርሽ ይወጣል፣ በዝግታ ስለሚሄድ ራዲያተሩ የሚያገኘው ነፋስ ትንሽ ነው። ደካማ ጥገና የሚፈተነው እዚህ ነው። ሞተሩ ሲጠፋም የሚቆመው መኪናው ብቻ አይደለም፤ ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል ከሞተሩ ስለሚመጣ ፔዳሉ ይጠጥራል፣ መሪውም ይከብዳል። ቁልቁለት ላይ ወይም ከኋላ ተሳቢ እየተከተለ ይህ ሲደርስ «አልተሳካም» የሚለው ቃል ትርጉሙ ሌላ ነው።

በ900 ሺህ ብሩ ሂሳብ ውስጥ ተሳፋሪው የለም። ለልጇ ክትባት ፍኖተ ሰላም የምትወርደው እናት የለችም፤ ጋቢና ላይ፣ ልክ ከሞተሩ በላይ ባለው ወንበር ተቀምጦ እግሩ እየተጠበሰ ዝም የሚለው ሽማግሌ የለም። የሒሳቡ ትርፍ የባለ መኪናው ነው፤ የሙከራው አደጋ ግን የእነርሱ። በእነርሱ ነፍስ ለመሞከር ማን ፈቀደለት? እኛ የምንለው ይህን ነው፤ ባለ መኪናው በራሱ ገንዘብ ላይ የፈለገውን ያህል ይሞክር፤ ባዶውን ዳገት ያስወጣው፣ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ጢስ ዓባይ ደጋግሞ ሳይጭን ይመላለስበት፣ ውኃና ዘይቱን በየቀኑ ይይ። ይህን ለማድረግ የሚሆን የሁለት ሳምንት ገቢ የሌለው ከሆነ ግን ጥገናው ርካሽ የሆነለት ዋጋውን ሌላ ሰው ስለሚከፍልለት ነው።

እስከዚህ የጻፍነው ስለ ሞተር ነው። ልንጽፍ ያስነሣን ግን በምናውቀው አንድ ሚኒባስ ላይ የደረሰው ነገር ነው። ስሞችን አንጠራም፤ ከባለ ንብረቱም ከሹፌሩም ጋር አብረን እናስቀድሳለንና።

ሚኒባሱ ከወረታ ሲመለስ ፈላ። ሹፌሩ የሦስት ልጆች አባት ናቸው፤ በዚያ መኪና ላይ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። የሙቀት መለኪያው ቀስት ከብዙ ወራት በፊት ጀምሮ አይንቀሳቀስም ነበር። ሹፌሩ ሁለት ጊዜ ተናግረው «የቀን ገቢው አይጉደል እንጂ ቆይቶ ይሠራል» ተብለዋል። ረዳቱም ይህን ይመሰክራል። በዚያን ቀን ሽታው ሲመጣ አቁመዋል፤ ነገር ግን ያለ መለኪያ ሽታው እስኪመጣ ብዙ መንገድ ተሄዶ ነበር። ሞተሩ ተከፈተ፣ ተለካ። ቴስታው ጎብጧል፣ ግንዱ ግን ደኅና ነው። ባለ ንብረቱም አስላጉት፣ ራዲያተሩን አስጠረጉ፣ አዲስ ፓምፕ ገዙ። እስከዚህ ድረስ እንደ በለሱ አትክልተኛ ቆፈሩ ማለት ይቻላል፤ እናመሰግናቸዋለን።

ሹፌሩን ግን አሰናበቱ። በማግሥቱ ሌላ ሹፌር ገባ። የመለኪያው ቀስት በዚያን ጊዜም አይንቀሳቀስም ነበር።

ይህን ስንሰማ ከመካከላችን ብዙዎቹ ተናደዱ፤ ንዴት ግን ለማሰብ ብዙ አይረዳምና ነገሩን ቀስ ብለን አየነው። ባለ ንብረቱ ክፉ ሰው አይደሉም። ለደብሩ ሥራ እጃቸውን ዘርግተው የሚሰጡ፣ ባንክ የተበደሩበት ዕዳ ያለባቸው ሰው ናቸው። ሞተሩን ሲያዩ ከፍተው ለኩ፤ የትኛው ክፍል ጤነኛ፣ የትኛው ጎባጣ እንደሆነ ለዩ፤ ከሥሩ ያለውን ምክንያት ፈለጉ። ለዚህም ምክንያት ነበራቸው፤ ሞተር ውድ ነው። ሹፌሩን ሲያዩ ግን ምንም አልከፈቱም፣ ምንም አልለኩም። ሹፌር በማግሥቱ ይገኛል፤ መናኸሪያ በር ላይ መንጃ ፈቃድ ይዞ የሚጠብቅ ብዙ ነው። ለመለወጥ የሚቀለው ነገር ተለወጠ እንጂ ጥፋቱ ያለበት ነገር አልተለወጠም። የደንገል ታንኳ እንኳ የምትጣለው ውኃ መጠጣቷ ታይቶ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ሹፌሩም ቀስቱ እንደማይሠራ እያወቁ መንዳት አልነበረባቸውም» ትሉ ይሆናል። ይህ ክርክር በመካከላችንም ተነሥቷል፤ ቀላልም አይደለም። እውነት ነው፤ መለኪያ የሌለው መኪና ላይ ሰው መጫን የሹፌርም ኃላፊነት ነው፤ ስለ ተሳፋሪው የጻፍነው ለእርሳቸውም ይሠራል። ነገር ግን «አልነዳም» ያለ ሹፌር በዚያው ቀን ከሥራ እንደሚወጣ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ጥፋቱ ከእርሳቸው ፈጽሞ ይራቅ አንልም፤ ይለካ ነው የምንለው። ከሚሊ ሜትር አሥረኛ የምታንስ ጉብጠት በብረት ላይ በትዕግሥት የምንፈልግ ሰዎች የስድስት ዓመት ሥራን በአንድ ከሰዓት በኋላ የምንዘጋ መሆናችን ያስገርመናል።

ደግሞም ስለ ምሳሌው አንድ ነገር ልንጨምር እንወዳለን። በዛፉ ሥር የተነገረው «እግዚአብሔር ሰውን አልጣለም፤ ስለዚህ ሞተር አይጣል» የሚለው አነጋገር ልብን ቢነካም ግንኙነቱ ተገላብጧል። ሞተር ለሰው የተሠራ ዕቃ ነው፤ ሥራውን መሥራት ሲያቅተው ብናቀልጠው ማንም አይበደልም፤ ቶርኖ ቤቱም ብረቱን ይወድደዋል። ሰው ግን ለሞተሩ አልተሠራም። በዚህ የተነሣ ለሞተሩ የምናደርገው ርኅራኄ፣ ከአባት የወረስነው ቢሆንም፣ ስሙን ቀለም የጻፍንበት ቢሆንም፣ ከሰው ተቀንሶ የሚሰጠው ከሆነ ያለ ቦታው የገባ ነው። ሞተሩ አንድ ዓመት ተሰጠው። ሹፌሩ አንድ ሳምንት አልተሰጣቸውም።

የቀረ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ስለ ገዢው ነው። ባለ ንብረቱ ሚኒባሱን ለመሸጥ አስበዋል ይባላል። የተላገ ቴስታ ያለው መኪና በደንብ ከተሠራ ብዙ ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ ስለዚህ መሸጡ ነውር የለበትም። ግን ለገዢው ይነገረዋል ወይስ አይነገረውም? በጭውውታችን ወቅት ድምፁ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሶቹ «ካልጠየቀ አይነገረውም፤ ገዢም መካኒክ ይዞ ይምጣ፤ የገበያ ወጉ ይህ ነው» አሉ። ሌሎቻችን ደግሞ መካኒክ ይዞ ቢመጣ እንኳ ቴስታው ካልተፈታ ስንት ጊዜ እንደተላገ ሊያይ እንደማይችል፣ ይህንንም ባለቤቱ ብቻ እንደሚያውቅ ተናገርን። ሌላው ሊያየው የማይችለውን ነገር ይዞ ዝም ማለት ከመዋሸት የሚለየው በምንድን ነው? በዚህ ጥያቄ ላይ አልተስማማንም፤ የምታስቡትን በጽሑፍ ብትልኩልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

በሊብሬው ላይ የሞተሩ ቁጥርና የሻንሲው ቁጥር ተጽፏል። መፍላቱ ግን የትም አልተጻፈም። ሹፌሩ «ሞተር ያቃጠለ» መባላቸው በበኩሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ባለ ሚኒባሶቹ ሁሉ ዘንድ ደርሷል፤ እስከ አሁንም ቋሚ መኪና የሰጣቸው የለም፤ ሌላው ሲታመም እየተተኩ በቀን ሥራ ይነዳሉ።

ከመካከላችን ሁለቱ፣ ከንስሐ አባታቸው ጋር ተመካክረው፣ ባለፈው ሳምንት ወደ ባለ ንብረቱ ቤት ሄደው ነበር። በአክብሮት ተቀበሏቸው፣ ቡናም ተፈላ። ስለ መለኪያው ቀስት ሲነሣ ዝም ብለው አዳመጡ፤ በማግሥቱም አሠርተውታል። ስለ ሹፌሩ ሲነሣ ግን «እስቲ ላስብበት፤ አዲሱን ልጅስ ምን ልበለው?» አሉ። ይህን እኛም አላሰብነውም ነበር፤ አዲሱ ሹፌርም የሚያስተዳድራቸው እናት አሉት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።